መኪናና ዝግባ፤ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የተደረገ የአንድ ቀን ጉዞ

መንገድ ሄዶ የመጣ ሰው ያየውንና የሰማውን ለቤተ ሰቡ መተረክ የቆየ ልማዳችን ነው። ሩቅ አገር ደርሶ የተመለሰ ሰው ብዙ ይጠየቃል፤ ከደጁ ሳይርቅ የተመለሰው ግን «ምን አይቶ ሊነግረን ነው?» እንዳይባል ይፈራል። እኔም በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. በአንድ ቅዳሜ ቀን የሄድሁት ከአዲስ አበባ ሳልወጣ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ነበር። መንገዱ አጭር ነው። ነገር ግን በዚያች አጭር መንገድ ላይ የመቶ ዐሥራ ስምንት ዓመት ታሪክ ስላነሣን፣ ከዚያም በላይ አባቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ሳይናገሩት የኖሩትን አንድ ነገር ስለ ነገሩኝ፣ ለአንባቢዎቼ ላካፍል ወደድሁ።

አባቴ ሰማንያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሥራቸው ሹፌርነት ነበር። በዐሥራ አምስት ዓመታቸው በጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆነው ገብተው፣ ኋላም መሪ ጨብጠው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በየአገሩ መንገድ ሲመላለሱ ኖረዋል። እኔ ልጅ ሳለሁ ከመንገድ የሚመለሱበትን ጊዜ የምናውቀው በሰዓት ሳይሆን በጆሮ ነበር። የመኪናቸው ድምፅ ከሠፈራችን ዳገት ሥር ሲሰማ እናቴ ምጣድ ትጥዳለች፤ እኔም የያዝሁትን ዳዊት አጥፌ ወደ ደጅ እሮጣለሁ። አባቴ ሞተርን እንደ ሐኪም አድምጠው በሽታውን ያውቁ ነበር። ፖምፓው እንደ ታመመ፣ ባሌስትራው እንደ ተሰነጠቀ፣ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ይናገሩ ነበር።

ለጉዞው ምክንያት የሆነችው ትንሿ ልጄ ናት። አራተኛ ክፍል ስትሆን፣ የዐሥር አገር በቀል ዛፎችን ስምና ቅጠል አጥንታ እንድትመጣ በትምህርት ቤት ታዝዛለች። አባቴ ይህን ሲሰሙ፣ «ዛፍ ከሆነማ ከእኔ ትጠይቅ! እኔ ግንዱን አይቼ ስሙን የማልነግራት ዛፍ አለ?» አሉ። እንግዲያውስ እርስዎም አብረውን ይሂዱ ተባባልንና፣ የእኅቴ ልጅ በቅርቡ በገዛት መኪና ሊያደርሰን ተስማማ። ይህች መኪና በኤሌክትሪክ ኀይል የምትሄድ ናት።

አባቴ በፊተኛው ወንበር ተቀመጡና መቀነታቸውን እንዲታጠቁ ወጣቱ ረዳቸው። ጥቂት ከቈዩ በኋላ፣ «በል አስነሣትና እንሂድ» አሉት።

«ተነሥታለች እኮ አባባ» አለ ወጣቱ።

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ መኪናዋ ከበሩ ወጣች። አባቴ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ቈዩ፤ ቀጥሎም የበሽተኛን ትርታ እንደሚዳስስ ሰው መዳፋቸውን ከፊታቸው ባለው ሰሌዳ ላይ አኖሩ። «ድምፁ የታለ?» አሉ። የጳውሎስን ሠፈር አልፈን ዳገቱን ስንጀምር፣ የወጣቱን እጅ ይመለከቱ ነበር፤ ማርሽ ሲቀይር ማየት ፈልገው ነው። «ማርሿ ስንት ነው?» ቢሉት፣ «ማርሽ የላትም» አላቸው። ከዚህ በኋላ ማዕከሉ በር እስክንደርስ ድረስ አልተናገሩም። እኔም ከኋላ ሆኜ ሳያቸው፣ ስድሳ ዓመት ሙሉ የሚያውቁት ቋንቋ በድንገት እንደ ተለወጠባቸው ሰው መስለው ታዩኝ።

የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ከከተማችን ሰሜን ምዕራብ፣ ከእንጦጦ ተራሮች ጋር በተያያዘው ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ነው። ስፋቱ ከ700 ሄክታር በላይ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ የከተማው ጩኸትም ከታች ቀርቶ እንደ ሩቅ ወንዝ ብቻ ይሰማል። የማዕከሉ ዋና ዓላማ የአገራችንን ዕፅዋት፣ ይልቁንም ከመጥፋት አፋፍ የደረሱትን፣ ሰብስቦ መጠበቅ፣ ማጥናትና ለትውልድ ማስተማር ነው። ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ጥቁር እንጨት፣ አስታ፣ አሚጃ፣ ቀጋ፣ ጌሾ፣ እንቆቆ፣ እነዚህን ልጄ አንድ በአንድ እየጠየቀች በደብተሯ ጻፈች። ዘጠኝ ሆኑላት። አንድ ቀራት።

አያትየው ደከም ስላላቸው ከአንድ ጥድ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ልጅቱም፣ መንገድ ላይ የሰማችው ነገር ገርሟት ኖሯል፣ «አባባ፣ የመጀመሪያዋ መኪናስ ድምፅ ነበራት?» ብላ ጠየቀች። የቀኑ ጨዋታ ከዚህ ተነሣ።

«ከመኪና በፊት የሰርኪስ ባቡር ነበረ» ብለው አባቴ ጀመሩ። እርሳቸውም ይህን ከሽማግሌዎች ሰምተውት ነው። ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለ አርመናዊ ነጋዴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ከ1900 ዓ.ም. ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በእንፋሎት ኀይል የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ወደ አዲስ አበባ አስመጣ፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። በሞተር የሚሠራ ነገር ሁሉ ባቡር ይባል ስለ ነበረ፣ እህል የሚፈጨውም «የወፍጮ ባቡር» ሲባል ኖሯል።

ከዚህ በኋላ የአስተማሪነት ልማዴ አሸነፈኝና ነገሩን ከሥሩ ጀመርሁት። ካርል ቤንዝ የተባለው ጀርመናዊ በቤንዚን የምትሄድ ባለ ሦስት ጎማ መኪናውን የፈጠራ መብት ለማስከበር ያስመዘገበው በጥር ወር 1878 ዓ.ም. ነበር። ኀይሏ የአንድ ፈረስ ጉልበት እንኳ አይሞላም። ይህ ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1886 ሲሆን፣ አዲስ አበባ የተቈረቈረችውም በዚያው በእነርሱ ዓመት ነው። ስለዚህ ከተማችንና መኪና እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። ሰዎች ግን የቤንዝን መኪና እንደ መጫወቻ ቈጠሯት እንጂ አላመኗትም። በነሐሴ ወር 1880 ዓ.ም. ሚስቱ በርታ ቤንዝ ለባሏ ሳትነግር ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን አሳፍራ ከማንሃይም ከተማ ወደ ፎርትስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳች። ቤንዚን መሸጫ ስላልነበረ ነዳጁን ከመድኀኒት ቤት ገዛች፤ ቧንቧው ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ጠረገችው፤ በቁልቁለት ላይ የእንጨቱ ፍሬን እየተበላ ሲያስቸግራት ደግሞ አንድ ጫማ ሰፊ ቈዳ እንዲለብጥበት አደረገች። አባቴ እዚህ ላይ ሣቅ አሉና፣ «ሴትዮዋ ሹፌር ናት!» አሉ። «ወንዶቹ የሚሄድበትን ሲፈልጉ እርሷ የሚቆምበትን ፈለገች።»

ወደ አገራችን መኪና የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሊ የምትባል መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ አደረሰ። ያን ጊዜ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ገና ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ መኪናዋ የመጣችው የመኪና መንገድ በሌለበት በረሓና ተራራ፣ የግመልና የበቅሎ ዱካ እየተከተለች ነው። ወዲያውም አርኖልድ ሆልዝ የሚባል ጀርመናዊ ናኬ የተባለችውን የጀርመን መኪና ይዞ መጣ። ዳግማዊ ምኒልክም አዲስ ጥበብ ሲያዩ ዝም የማይሉ ንጉሥ ነበሩና መኪናዋ ላይ ወጥተው ሄዱ። በዚሁ ጊዜ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ የመኪናን ጥበብ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተላኩ። በዚያም ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ስለዚህ የመጀመሪያው የሠለጠነ ሹፌራችንና በሸክላ ድምፁ የተቀረጸው የመጀመሪያው ዘፋኛችን አንድ ሰው ናቸው።

መኪና የመሳፍንት ብቻ መሆኗ የቀረው በአሜሪካ ነው። ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪና በ1901 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አወጣ፤ በ1906 ዓ.ም. ደግሞ መኪናዋ በሠራተኞቹ ፊት እየተጓዘች እያንዳንዱ የየድርሻውን የሚገጥምበትን አሠራር ዘረጋ። ከዚያ በፊት አንዷን ለመገጣጠም ከዐሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወረደ። ዋጋዋም አብሮ ወረደ።

ወጣቱ በዚህ ጊዜ፣ «ታዲያ የእኔዋ ከሁሉ አዲስ ናት» አለ። እንዲህ እንዳይመስለው ነገርሁት። በአውሮፓና በአሜሪካ በባትሪ የሚሄዱ መኪናዎች የመጀመሪያዋ መኪና ወደ እኛ ከመድረሷ በፊት በየከተማው ይታዩ ነበር። እንዲያውም በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመሮጥ የመጀመሪያው የሆነው ሰው፣ ቤልጅየማዊው ካሚል ዤናትዚ፣ ይህን ያደረገው በ1891 ዓ.ም. በባትሪ መኪና ነው። ቤንዚን ያሸነፈው ርካሽ ስለሆነና ሩቅ ስለሚያደርስ ነው። የቤንዚን መኪና ለማስነሣት ማኖቬላ የሚባለውን ጠማማ ብረት ከፊት ሰክቶ በጉልበት ማዞር ግድ ነበረ፤ ብረቱም እየመለሰ የብዙ ሰው ክንድ ሰብሯል። በ1904 ዓ.ም. ካዲላክ የተባለው መኪና በኤሌክትሪክ መነሣት ሲጀምር ይህ ችግር ቀረ፤ የባትሪ መኪናም ለብዙ ዘመን ተረሳች። የተረሳ ነገር ግን የሞተ አይደለም።

ከዚህ ወዲያ ያለውን አባቴ ራሳቸው ያውቁታል። ጠላት አገራችንን በያዘባቸው ዐምስት ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለጦሩ ማመላለሻ ብሎ ሰፋፊ መንገዶች አወጣ፤ በጣርማ በርም ተራራውን ሰርስሮ ዋሻ አበጀ። እርሱ ሲባረር መንገዱና ቃላቱ ቀሩ። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ የምንለው ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። ሹፌርና ጋራዥ ደግሞ ከፈረንሳይኛ መጡ። «ረዳትና ጌታዬ ግን የራሳችን ናቸው» አሉ አባቴ፤ ረዳት ሳሉ ሹፌሩን የሚጠሩት «ጌታዬ» ብለው ነበርና።

አባቴ ከሁሉ አብልጠው የሚያስታውሱት ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም.ን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በአገራችን ተሽከርካሪ ሁሉ የሚሄደው በግራ በኩል ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በቀኝ እንዲሆን ታወጀ። «ማታ በግራ ተኝተን ጠዋት በቀኝ ተነሣን» ይላሉ። ለብዙ ቀን ረዳቶች በየኩርባው ላይ «ቀኝ! ቀኝ!» እያሉ ለሹፌሮቻቸው ይጮኹ ነበር። እርሳቸው መሪ ከጨበጡ በኋላም ኤንትሬ የሚባለውን የፊያት ከባድ መኪና ከነተሳቢው እየነዱ ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ሚሌን አልፈው አሰብ ይወርዱ ነበር። በከተማም ሴይቼንቶ የተባሉት ትንንሽ ፊያቶች ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው ታክሲ ሆኑ፤ ተሳፋሪ ፊት ለፊት እየተያየ የሚቀመጥባቸውም «ውይይት» ተባሉ። በደርግ ዘመን ላዳ መጣች፤ እርሷም በሶቪየት አገር ትሠራ እንጂ መልኳ የተወሰደው ከፊያት ነው። ከዚያ የጃፓኑ ሚኒባስ ከተማውን ሞላ፤ ቀጥሎም ባለ ሦስት ጎማው ባጃጅ መጣ። ልጄ ይህን ስትሰማ፣ «እንግዲህ ወደ ቤንዝ ተመለሰ!» ብላ አሣቀችን።

በዚህ ሁሉ መካከል ሳይነገር መታለፍ የማይገባው አንድ ሰው አለ። ኒልስ ቦሊን የተባለው የስዊድን መሐንዲስ በ1951 ዓ.ም. ለቮልቮ መኪና በደረትና በወገብ የሚያልፈውን መቀነት ሠራ፤ ፋብሪካውም ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲሠራበት ፈቀደ። ስንት ሰው ዛሬ ከልጆቹ ጋር ማዕድ የሚቀርበው በዚህ ቁራጭ ጨርቅ ምክንያት እንደ ሆነ እናስብ።

ዐረፍ ካልን በኋላ አስጎብኚያችን ወደ ችግኝ ጣቢያው ወሰደን። ልጄ ዐሥረኛውን ዛፍ የምታገኘው በዚያ ነበር። ከጥላ ሥር ተደርድረው ከተቀመጡት ችግኞች አንዱን አስጎብኚው አነሣና ለአባቴ አቀበላቸው። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም፤ ቅጠሉ ቀጭንና ሹል ነው።

«ይህን ያውቁታል አባቴ?»

አባቴ አገላብጠው አዩት። ዝም አሉ። ከዚያ፣ «አላውቀውም» አሉ።

«ዝግባ ነው» አላቸው።

ችግኙን በሁለት እጃቸው እንደ ያዙ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ልጄ ስሙን በደብተሯ ስትጽፍ እርሳቸው ወደ እኔ ዞር ብለው በዝግታ ተናገሩ። «እኔ ዝግባን የማውቀው በሜትር ኩብ ነው። ትንሽ ሆኖ አይቼው አላውቅም።»

ቀጥሎ የነገሩኝ ይህ ነው። ወደ አሰብ መመላለስ ከመጀመራቸው በፊት፣ በወጣትነታቸው፣ ከሙኔሳ ደን ግንድ እየጫኑ ወደ እንጨት መሰንጠቂያ ያደርሱ ነበር። በአንድ ጉዞ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ግንድ ይጭናሉ። አንድ ቀን ግን መኪናውን ለብቻው የሞላ ዝግባ ተቈረጠ። ሲጭኑት ውለው ሊነሡ ሲሉ አንድ የአገሩ ሽማግሌ መንገድ ዳር ቆመው በኦሮምኛ፣ «ልጄ፣ ይህ ዛፍ ስንት ዓመቱ እንደ ሆነ ታውቃለህ?» ብለው ጠየቋቸው። «አላውቅም» አሉ አባቴ። «እኔም አላውቅም፤ አያቴም አያውቅም ነበር» አሉ ሽማግሌው። አባቴም መሽቶባቸው ስለ ነበረ መልስ ሳይሰጡ ነድተው ሄዱ።

«ከብዙ ዓመት በኋላ በዚያ ሳልፍ ቦታውን መለየት አቃተኝ። ሜዳ ሆኗል» አሉ። «መኪናው በጣም ጐበዝ ነበር። በሬ በዓመት የማይጐትተውን እኔ በአንድ ቀን አወርደው ነበር። ማንም አላቆመኝም፤ እኔም አልቆምሁም።»

እኔ ላጽናናቸው ፈልጌ፣ «እርስዎ ደመወዝተኛ ነበሩ፤ ባይጭኑት ሌላ ይጭነው ነበር። እኛም ያደግነው፣ እኔም ለደብተርና ለእርሳስ ያገኘሁት በዚያ ደመወዝ ነው» አልኋቸው። የቤታችን በርና የእናቴ ሣጥን ከዝግባ መሠራታቸውም ትዝ አለኝ። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እርሱንም አውቃለሁ። እኔ የምለው መጫኔን አይደለም። ሰውዬው ሲጠይቁኝ መልስ ሳልሰጥ መሄዴን ነው።» ከዚህ በላይ የምለው አጣሁና ዝም አልሁ።

አስጎብኚው ይህን ሰምቶ እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ስንመለስ ከፊታችን ወዳለው የባሕር ዛፍ ደን እያመለከተ የሌላ ዛፍ ታሪክ ነገረን። አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ጥቂት ዓመታት ሳይቈይ የእንጦጦ ጥድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ ተቈርጦ እያለቀ ሄደ፤ ከተማዋም ማገዶ አጥታ ወደ ሌላ ቦታ ትዛወር እስከ መባል ተደረሰ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊ ሞንዶን ቪዳዬ ባሕር ዛፍ እንዲመጣ አደረገ። ከባሕር ማዶ ስለ መጣ «ባሕር ዛፍ» ተባለ። በጥቂት ዓመት ስለሚደርስና ተቈርጦ ስለሚያቈጠቍጥ ከተማዋን አዳነ፤ ይህን ውለታውን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ውኃ በብዛት ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል በቀላሉ አያበቅልም። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ማዕከል ባሕር ዛፉ በየተራ እየተነሣ አገር በቀሉ ዛፍ ይተካል። የአገር በቀሉ ዘር በብዙ ስፍራ የተረፈው በየገዳማቱና በየአድባራቱ ዐጸድ ውስጥ መሆኑንም አስጎብኚው ጨምሮ ነገረን።

ባሕር ዛፍና መኪና ሁለቱም በአንድ ንጉሥ ዘመን ከባሕር ማዶ መጡ። ሁለቱም የቸገረን ነገር ስለ ነበረ ደስ ብሎን ተቀበልናቸው፤ ሁለቱም ያደረጉልን ብዙ ነው። ዋጋቸውን ሁሉ ግን በመጀመሪያው ቀን አልጠየቅንም።

ቀኑ ሲያዘነብል ወደ ቤታችን ለመመለስ ተነሣን። ቁልቁለቱን ስንጀምር አባቴ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ እግራቸውም ፍሬን እንደሚረግጥ ሰው ወለሉን ተጫነ። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው መንገድ ላይ ስንት ጓደኞቻቸውን እንዳጡ እናውቃለን። የጫነ ከባድ መኪና በፍሬን ብቻ ከወረደ ፍሬኑ ይግላል፤ ከጋለም አይዝም። ስለዚህ ደጋግ ሹፌሮች ከዳገቱ ጫፍ ላይ ቆመው ፍሬናቸውን ይፈትሻሉ፤ ከዚያም በወጡበት ማርሽ ይወርዳሉ። «ፍሬን የሚፈተሸው ከቁልቁለቱ በፊት ነው» የሚለው የአባቴ ምክር እኔን በትምህርት ቤትም በትዳርም ጠቅሞኛል።

ወጣቱ ፍሬን ሳይረግጥ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ፣ ይቅርታ፣ ነዳጅ የለም፣ ከመርገጫው ላይ አነሣ። መኪናዋ በራሷ ዝግ አለች። «አባባ፣ ይህን ይመልከቱ» ብሎ በሰሌዳው ላይ ያለውን ቍጥር አሳያቸው። ሞተሩ በቁልቁለት ጊዜ ጎማው ሲያዞረው ተገላብጦ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያም ወደ ባትሪው ይመለሳል፤ መኪናዋንም የሚይዛት ይኸው ነው። ከላይ ስንነሣ 61 የነበረው ከታች ስንደርስ 62 ሆነ። አባቴ ተደነቁ። «እኛን ቁልቁለት ይበላን ነበር፤ ይህችን ያበላታል!» አሉ። ወጣቱም ደስ አለውና ሌላውን ጨመረላቸው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሲሆን፣ ኤሌክትሪኩ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከወንዞቻችን የሚገኝ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ጭስ የላትም፤ ጩኸት የላትም።

አባቴ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት። «ባትሪው ሲሞት የት ይቀበራል?»

ወጣቱ መልስ አልነበረውም። ባትሪው ብዙ መቶ ኪሎ የሚመዝን፣ ከመኪናዋም ሁሉ ውድ የሆነ ክፍል ነው፤ ከዓመታት በኋላም ኀይል የመያዝ ችሎታው ይደክማል። የድሮው የእርሳስ ባትሪ አሮጌው ተሰብስቦ እንደ ገና ይቀለጣል፤ ይህኛው ግን ሌላ ዕውቀትና ሌላ ፋብሪካ ይፈልጋል። ወጣቱ ጥቂት አስቦ፣ «እጠይቃለሁ አባባ» አለ። አባቴም፣ «ጠይቅ፤ ገና ከላይ ነህ» አሉት።

እኔ ይህን የጻፍሁት አዲሱን መኪና ለመንቀፍ አይደለም። ልጄ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት የምትሄድበትን የጎዳና ጭስ የሚቀንስ ነገር ከመጣ ከሚደሰቱት አንዱ እኔ ነኝ። ነገር ግን እያንዳንዱ መኪና ወደ እኛ ሲመጣ ከዋጋው ሌላ ያልተጻፈ ሒሳብ ይዞ ይመጣል። ኤንትሬ ሲመጣ ዝግባው ስንት እንደ ሆነ ማን ጠየቀ? በየቤታችን መኪና ለመግዛት የምናስብ፣ ወይም ልጆቻችን ሲገዙ የምንመርቅ ወላጆች፣ «ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ከሚለው ጋር «ሲያረጅስ?» የሚለውንም አብረን እንጠይቅ። የሻጩም የመንግሥቱም መሥሪያ ቤት ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው አፍ ከሰማ መልስ ማበጀቱ አይቀርም።

ቤት ደርሰን ከመኪናው ሲወርዱ አባቴ ልጄን ወደ ጎን ጠርተው አንድ ነገር ሲነግሯት አየሁ። በኋላ ብጠይቃት ነገረችኝ። በመጪው ክረምት የዝግባ ችግኝ ፈልገው በደብራችን ዐጸድ ጥግ አብረው ሊተክሉ ተስማምተዋል። እርሷ፣ «አባባ፣ ዝግባ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል እኮ» ብትላቸው፣ «እኔ እስኪያድግ አልጠብቀውም፤ አንቺ ግን የተከልንበትን ቀን ከነዓመቱ በደብተርሽ ጻፊው። አንድ ቀን ሰው ስንት ዓመቱ ነው ብሎ ቢጠይቅ መልስ ይኑረው» አሏት።